ያለ ዲስክ የነቃው ማሽን

ሰውየውን በመዝገብ ስሙ የሚጠራው የሆስፒታሉ ደመወዝ ክፍል ብቻ ነበር። ለሌላው ሰው ሁሉ «ጋሽ እስቲ» ነው። ስሙን ያወጡለት የራጅ ክፍል ወጣቶች ናቸው። «ፕሪንተሩ ተስተካክሏል» ሲሉት «እስቲ ልየው»፣ «በሩን ቆልፈነዋል» ሲሉት «እስቲ ልየው» ስለሚል ነው። እንዲያውም አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ከወሊድ ፈቃድ ተመልሳ «ወንድ ልጅ ወለድኩ» ብትለው «እስቲ ልየው» አላት እየተባለ ይወራበታል። እሱ ግን «ፎቶውን ማለቴ ነው» ብሎ እስከ ዛሬ ይከራከራል።

እውነትም ጥርጣሬ አብሮት የተወለደ ሰው ነው። ከቤቱ ሲወጣ በሩን ቆልፎ እጀታውን ይነቀንቃል፤ ጥቂት ተራምዶ ይመለስና እንደገና ይነቀንቃል። እንቁላል ሲገዛ እያንዳንዱን ጆሮው ሥር እየናጠ ያዳምጣል፤ ባለሱቁም «ምን አለህ ደግሞ?» እያለ ይቀልድበታል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሱሪውን አሳጥራ ስትሰጠው፣ ዓይኗ እያየ በራሷ ሜትር ይለካዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔን ስታገባ በምን ለክተህ ነው?» ትለዋለች።

«ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ዓይኔን አምኜ ነው» ይላታል።

ሥራው ከዚህ ጠባዩ ጋር የተስማማ ነበር። በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ሰርቨር አለ። ክፍሏን የሳሙና ሽታ አይለያትም። ማቀዝቀዣው ውኃ ስለሚያንጠባጥብ ከሥሩ ቢጫ ባልዲ ተቀምጧል። በሆስፒታሉ የሚነሣ የራጅ ምስል ሁሉ፣ የተሰበረ ክንድም ሆነ ውኃ የያዘ ሳንባ፣ የሚቀመጠው በዚህ ማሽን ውስጥ ነው። ሐኪሞቹ ፎቅ ላይ ሆነው በየጠረጴዛቸው የሚያዩት ከዚህ የሚሄድላቸውን ነው። ጋሽ እስቲ የዚህ ማሽን ጠባቂ ነው።

ማሽኑን ያስረከበው የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነበር። አማቹ ግዙፍ ሰው ነው፤ ምድር ቤት ሆኖ ሲስቅ ፎቅ ላይ ያሉ ነርሶች ይሰሙታል። ማሽኑን ራሱ መርጦ፣ ራሱ ገጣጥሞ ለዓመታት ሲያሠራው ቆይቶ፣ የኮምፒውተር ሱቅ ሊከፍት ሲለቅ ቦታውን ለእህቱ ባል እንዲሰጡት የተናገረለትም እሱ ነው። የርክክቡ ዕለት የማሽኑን ጎን በመዳፉ መታ መታ አደረገና፣

«ይኸውልህ አማቼ፣ አራት ዲስክ አለው። አንዱ ቢሞት የቀሩት ይሸከሙታል። ይሄ ማሽን ምንም ቢመጣ ይነሣል» አለው።

ጋሽ እስቲ እንደ ልማዱ «እስቲ ልየው» አለ።

አማቹ ሊቀጥል የነበረውን ቃል ዋጠው። ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አድርጎ «እየዋ!» ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ቤተሰብ በተሰበሰበበት ሲገናኙ ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ ቤት ኪራይ ያወራሉ እንጂ የማሽኑን ነገር አንስተው አያውቁም። አንድ ጊዜ ብቻ አማቹ በሳቅ መሀል «አንድ ቀን ትጠራኛለህ» ብሎታል። ጋሽ እስቲ ያቺን ቃል በልቡ ያዛት።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የአንደኛው ዲስክ መብራት ከአረንጓዴ ወደ ብርቱካናማ ተለውጦ ጠበቀው። ጆሮውን ሲያስጠጋ ዲስኩ ጠጠር እንደገባበት ወፍጮ ይንኳኳል። ወዲያው አዲስ አዘዘ፤ የሚደርሰው ግን በሚቀጥለው ሳምንት ነው ተባለ። በመሀሉ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት የሆስፒታሉ ዋና የመብራት መስመር ስለሚቀየር ማሽኑ መጥፋቱ የግድ ነው። እንዲህ የታመመ ዲስክ አንዴ ከቆመ ዳግመኛ ላይዞር ይችላል። ሰኞ የአጥንት ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምና የቀጠሩላቸው ሰዎች አሉ፤ ምስሉን ሳያይ ቢላ የሚያነሣ ሐኪም ደግሞ የለም። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው፣ ማሽኑ ያለ አንደኛው ዲስክ ይነሣል ወይስ አይነሣም በሚለው ላይ ሆነ።

«የቀሩት ይሸከሙታል» ያለውን የአማቹን ቃል አስታወሰና ዲስኮቹን መመርመር ጀመረ።

ምስሎቹ እንደተባለው ነበሩ፤ አንዱ ዲስክ ቢጠፋ ከሌሎቹ ይገኛሉ። ነገር ግን ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚያነበው ምስሎቹን አይደለም። በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ለብቻዋ የተከለለች ትንሽ ቦታ አለች፤ ማስነሻ ፓርቲሽን ይሏታል። ማሽኑ ከእንቅልፉ ሲነቃ ማን እንደሆነና ምን እንደሚሠራ የሚነግረው እሷ ናት። እሷ ከሌለች ሌላው ሁሉ ሙሉ ሆኖ እያለ፣ ማሽኑ ጥቁር ስክሪኑን ይዞ ይገተራል። ይህች ፓርቲሽን በአንደኛው ዲስክ ላይ ብቻ ነበረች። አራት መጋዘን እህል ሞልቶ የሁሉንም ቁልፍ በአንደኛው ውስጥ ማስቀመጥ ማለት ነው።

ይህስ ባልገረመው፤ ሰው ይረሳል። የከነከነው ሌላ ነው። በሦስቱ ዲስኮችም ላይ የፓርቲሽኗ ቦታ ተለክቶ ተከልሏል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። የረሳ ሰው ቦታ አይለካም። ለክቶ ባዶውን የተወ ሰው፣ አውቆ ነው የተወው።

«አንድ ቀን ትጠራኛለህ።»

ጋሽ እስቲ ባልዲው አጠገብ ተቀምጦ ነገሩን ሲያገላብጥ ዋለ። ዲስኩ ይሞታል፤ ማሽኑ እምቢ ይላል፤ ዳይሬክተሩ በሰው ፊት ይጮኽበታል። ከዚያ አማቹ እየሣቀ ደረጃውን ይወርድና አንዲት ነገር ነካ አድርጎ ያስነሣዋል። ይኸው! ሁሉም እንደ በርና ማጠፊያው ገጠመለት። ባልተደረገ ነገር ደሙ ፈላ።

ማምሻውን ቤት ሲገባ ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «ፊትህ ምን ሆኗል?» አለችው።

«ምንም።»

«ምንም የሆነ ፊት እንዲህ አይረዝምም።»

ጫማውን እየፈታ «የወንድምሽ ሱቅ እንዴት ነው? ገበያ አለው?» አላት።

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። «ስለ ወንድሜ ገበያ መቼ ጠይቀህ ታውቃለህ?»

«መጠየቅ ነውር ሆነ?»

«ባንተ አፍ ሲሆን አዎ። አንተ የምትጠይቀው ሌባ ስትፈልግ ነው።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ስማኝ፤ እንቁላሉንም ናጠው፣ በሩንም ነቅንቀው፣ ሱሪህንም ለካ። ወንድሜን ግን እንዳትንጥብኝ።»

«ማን ነካው?»

«አውቅሃለሁ እኮ። እናንተ ስትኳረፉ መሀል ላይ የምቀረው እኔ ነኝ። እሱ እዚያ ያለቅስብኛል፣ አንተ እዚህ ታለቅስብኛለህ፤ እኔ መሀረብ አይደለሁም።»

ጋሽ እስቲ ማስነሻው ባዶ ስለመሆኑ አልነገራት። በልቡ ግን «መጀመሪያ ማሽኑን ላድነው፤ ከዚያ እሱን እጠይቀዋለሁ» አለ።

በማግስቱ ሥራውን ጀመረ። የአንደኛውን ዲስክ ማስነሻ ፓርቲሽን እንዳለ ወደ ሦስቱ ገለበጠ። ማሽኑ ሲበራ በሚያየው ዝርዝር ውስጥ አራቱንም በተራ አስገባ፤ አንደኛው ዝም ካለ ሁለተኛውን እንዲጠይቅ፣ ሁለተኛውም ዝም ካለ ሦስተኛውን። ወደፊት ሲስተሙ በታደሰ ቁጥር አራቱም አብረው እንዲታደሱ አደረገ። ጠርጣራ ነውና አንድ ነገር ጨመረ። ማሽኑ ከየትኛው ዲስክ እንደተነሣ በስክሪኑ አናት ላይ እንዲናገር፣ በየግልባጩ «ሁለተኛ»፣ «ሦስተኛ»፣ «አራተኛ» ብሎ ጻፈ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የተመላላሽ ሕመምተኞች ወረፋ ሲሳሳ ሊሞክረው ተነሣ። የራጅ ክፍሏ ኃላፊ፣ ምላሷ የፈጠነ ወጣት ሴት ናት፣ አብራው ወረደች።

«ጋሽ እስቲ፣ ምስሎቼን እንዳያጠፉብኝ! ካጠፉብኝ እርስዎን ራሴ ነው በራጅ የማነሣዎት» አለችው።

ማሽኑን አጠፋ። አንደኛውን ዲስክ መዘዘ። አበራው። ማራገቢያው ጮኸ፣ ስክሪኑ በራ፣ ጽሑፉ ተንጋጋ፤ ብዙም ሳይቆይ የራጅ ምስሎቹ ማውጫ ወጣ።

ኃላፊዋ አጨበጨበች። «ተነሣ! በቃ ይውጡ፣ ሻይ በኔ ነው።»

ጋሽ እስቲ ከቦታው አልተነቃነቀም። በስክሪኑ አናት ላይ «ሁለተኛ» የሚል ቃል አላየም። እንዲያውም በመጀመሪያ ብልጭ ያለው የሲስተሙ ዕትም ቁጥር፣ ከብዙ ጊዜ በፊት የለወጠው አሮጌ ቁጥር ነበር።

«ልጄ፣ ማን ነው ያስነሣው?»

«እርስዎ ነዎታ!»

«እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ከተነሣ ምን አስጨነቀዎት? የተነሣን ነገር ማን አስነሣህ ብሎ የሚጠይቅ እርስዎን አየሁ።»

እሱ ግን ማሽኑን እንደገና አጠፋው። ይህን ጊዜ አራቱንም ዲስኮች መዝዞ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። የማሽኑ ፊት ጥርሱ እንዳለቀ አፍ ቦርቀቅ አለ።

«እንግዲህ አሁን ምኑ ሊነሣ ነው?» አለች ኃላፊዋ።

«እስቲ ልየው።»

ቁልፉን ተጫነ። ማራገቢያው ጮኸ። ስክሪኑ በራ። ያው አሮጌ ቁጥር ብልጭ አለ፤ ከሥሩም ማሽኑ፣ ዲስኮቹን አጣኋቸው፣ የት ናቸው ብሎ ጻፈ። አንድም ዲስክ ሳይኖርበት ነቅቶ ይጠይቃል።

ኃላፊዋ አንድ እርምጃ ወደ በሩ አፈገፈገች። «ኧረ ጉድ! እኔ ልሂድ መሰለኝ።» አልሄደችም ግን።

ጋሽ እስቲ ክዳኑን ፈታ። በስልኩ መብራት ውስጡን ከዳር እስከ ዳር አሰሰ። ከሽቦዎቹ እስር ሥር፣ ጥግ ላይ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ፍላሽ ተሰክታ፣ በላይዋ ጥቁር ፕላስተር ተለጥፎባት አገኘ። ማሽኑን የቀሰቀሰችው እሷ ናት። ፕላስተሩ ጠርዙ ላይ ተላልጧል፤ የቆየ ነው። ይህን ክዳን ከእሱ በፊት የከፈተ ሰው አንድ ብቻ ነው።

ስልክ ደወለ።

«ና።»

«የት?» አለ አማቹ።

«የት እንደሆነ ታውቀዋለህ።»

ያ ትልቅ ድምፅ ቀስ ብሎ «ጠራኸኝ ማለት ነው?» አለ።

«ጠራሁህ።»

ሱቁ ሩቅ አልነበረም። ከሰውየው በፊት ትንፋሹ ደረጃውን ወረደ። ኃላፊዋ ነገሩ እንዳያመልጣት ጥግ ያለ ወንበር ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች።

ጋሽ እስቲ ፍላሿን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

አማቹ አየና ፊቱ በራ። «አሁን ገና አገኘኸው?»

«ደብቀኸዋል።»

«በፕላስተር መለጠፍ መደበቅ ነው እንዴ? እንዳይወድቅ ነው።»

«ሦስቱን ዲስክ ባዶ ትተህ፣ ቁልፉን ጨለማ ውስጥ ለጥፈህ፣ ‹አንድ ቀን ትጠራኛለህ› አልከኝ። እኔን ምን አድርገህ ነው የምታየኝ? ሞኝ?»

«ሞኝስ አይደለህም። ብትሆን ኖሮ ሁላችንም ባረፍን።» አማቹ የዕቃ ሳጥን ገልብጦ ተቀመጠበት፤ ሳጥኑ አቃሰተ። «ስማ። ያኔ ሦስቱ ዲስኮች ዘግይተው ነው የመጡት። ቦታውን ለካሁ፣ ከለልኩ፤ ልሞላው ስል የድንገተኛ ክፍሉ ሰዎች ዛሬውኑ ካላበራህ ብለው በሬን ሊሰብሩ ደረሱ። ለጊዜው ብዬ ፍላሿን ሰካሁ። አንደኛው ቢሞት ከሌሎቹ ቀድማ እሷ ታስነሣዋለች፤ የቀረውን አማቼ ተረጋግቶ ይሞላዋል አልኩ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ልነግርህ አፌን ከፍቼ ነበር! ‹ምንም ቢመጣ ይነሣል› ብዬህ፣ ቀጥሎ ክዳኑን ከፍቼ ላሳይህ ነበር። አንተ ‹እስቲ ልየው› አልከኝ። እንቅልፍ አጥቼ የገጣጠምኩትን ዕቃ፣ በዚያ ዓይንህ፣ ከሌባ እጅ እንደተያዘ አድርገህ አየኸው። እንግዲያስ እየው ብዬ ተውኩህ። ይጠራኛል፣ ያኔ አሳየዋለሁ አልኩ። ይሄን ሁሉ ዓመት ግን አንዴ እንኳ አልጠራኸኝም።»

ጋሽ እስቲ ፍላሿን አገላብጦ አያት። ታሪኩ ይገጥማል። የእሱም ታሪክ ግን ገጥሞ ነበር። የቱን እንደሚያምን ግራ ገባው።

«እስቲ…» ብሎ ጀመረና ምላሱን ነከሰ። ኃላፊዋ ሳቋን በእጇ አፈነችው።

አማቹ አገጩን ወደ ማሽኑ ቀሰረ። «ለመሆኑ ያንተ ግልባጭ ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«ሞክረኸዋል?»

ጋሽ እስቲ ጠረጴዛው ላይ የደረደራቸውን ዲስኮች አየ። የሞከረው የአማቹን ፍላሽ እንጂ የራሱን ሥራ አልነበረም።

አንደኛውን ጠረጴዛው ላይ ትተው ሦስቱን ዲስኮች መለሱ። ፍላሿ ኪሱ ውስጥ ናት። ቁልፉን ተጫነ። ማራገቢያው ጮኸ፤ ስክሪኑ ግን እንደጠቆረ ቀረ። ቆየት ብሎ ከላይ አንዲት ነጭ መስመር ወጣች፤ «አንደኛው ዲስክ አልተገኘም»። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

የኃላፊዋ ሳቅ ጠፋ። የባልዲው ጠብታ ብቻ ይሰማል። ጋሽ እስቲ ኃላፊዋን አምኖ ሻይ ሊጠጣ ቢወጣ ኖሮ፣ ፍላሿን ደግሞ አንድ ቀን አንድ ሰው ቢነቅላት ኖሮ!

ቀና ሲል አማቹ አልሣቀም። ይህ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ሆነበት።

«ለምን አትስቅም?»

«ምኑ ያስቃል? ይሄ ነገር ሰኞ ባይነሣ እህቴ የምታባርረው ሁለታችንንም ነው። ጠጋ በል።»

ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። አማቹ የሁለተኛውን ዲስክ ግልባጭ ከፍቶ መስመር በመስመር በጣቱ እየተከተለ ሲያነብ አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ። ማስነሻው ሲነቃ የሚከተለው መመሪያ ነው፤ «ቀሪውን አንደኛው ዲስክ ላይ ፈልግ» ይላል። ጋሽ እስቲ እንዳለ ሲገለብጥ መመሪያውም እንዳለ ተገልብጧል። ሦስቱም ግልባጮች ነቅተው የሚጠይቁት ያንኑ የሌለውን አንደኛውን ነው።

«ይሄን ያስገባው ማነው?» አለ አማቹ።

«እኔ።»

«አላየኸውም?»

«የራሴ ነው ብዬ» አለ ጋሽ እስቲ።

አማቹ ይህን ጊዜ ነው የሣቀው። ልብስ ማጠቢያ ያሉት ሴቶች «ምን ሆነው ነው?» ሲባባሉ ተሰማ።

መመሪያውን አብረው አረሙት፤ እያንዳንዱ ዲስክ ቀሪውን በራሱ ላይ እንዲፈልግ አደረጉ። ማሽኑን አበሩት። በስክሪኑ አናት ላይ «ሁለተኛ» የሚል ቃል ወጣ። ጋሽ እስቲ ተራውን ለውጦ ከሦስተኛው እንዲጀምር አደረገ፤ «ሦስተኛ» አለ። «አራተኛ» አለ። በቃ ሲል አማቹ «አይ፣ ሁለተኛውን ድገመው» አለ። ኃላፊዋ «ደግሞ ሁለት ሆኑብኝ!» ብላ ወንበሯን ትታ ወጣች።

የታመመውን አንደኛ ዲስክ፣ እስኪለወጥ ድረስ አንድ ትንፋሽም ቢሆን ይጠቅማል ብለው መልሰው ሰኩት። ሲለያዩ ጋሽ እስቲ ኪሱን መታ አደረገ። «ፍላሿ እኔ ጋ ትቆያለች።»

«ያዛት። አርጅታለች።»

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ እስቲ ምድር ቤት ሲደርስ አማቹ በሰርቨሩ ክፍል ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘው።

«ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ለሕክምና። ጉልበቴን ያመኛል» አለ አማቹ፣ ግድግዳውን እያየ።

«የትኛውን?»

«ይሄኛውን» ብሎ አንዱን ነካ፤ ከዚያ ሌላውን አየት አደረገ።

ጋሽ እስቲ ገብቶ ማሽኑን በሥርዓቱ አጠፋ። ከዚያ፣ ልቡ አላርፍ ስላለው፣ ክዳኑን ፈትቶ እጁን በሽቦዎቹ ሥር አስገብቶ ጥጉን ዳሰሰ።

«ፈትሽ፣ ፈትሽ» አለ አማቹ ከበሩ። «ሌላ ፍላሽ እንዳልሰካሁበት ነው? ክፍሉ የተቆለፈ፣ ቁልፉም አንተ ጋ። እኔስ ኪስህን ልፈትሽ? ፍላሿን ሾልከህ እንዳትሰካት ሰግቻለሁ።»

ጋሽ እስቲ ፍላሿን ከኪሱ አውጥቶ በአማቹ መዳፍ ላይ አኖራት። አማቹም ጨበጣት።

መብራቱ ጠፋ። ማቀዝቀዣው ቆመ፤ ሁለቱ ሰዎች በጨለማው ውስጥ የባልዲውን ጠብታ እየሰሙ ተቀመጡ። መስመሩ ተቀይሮ መብራቱ ሲመለስ ጋሽ እስቲ ተነሥቶ ቁልፉን ተጫነ። አንደኛው ዲስክ አንዴ ኳ ብሎ ዝም አለ። የዲስኩ መብራትም አልበራም። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ቆየ፣ ከዚያ በአናቱ ላይ «ሁለተኛ» የሚል ቃል ጻፈ።

አማቹ እጁን ዘረጋ፤ ፍላሿ በመዳፉ ላይ ላብ ጠጥታ ተኝታለች።

የራጅ ክፍሏ ኃላፊ በሩ ላይ ብቅ አለች። «ተነሣ? እሰይ። በር ላይ ሲገቡ ጉልበቴን ያመኛል ያሉት እርስዎ ነዎት?» አለችው አማቹን። «የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም ወረቀት ጽፎልዎታል፤ ይምጡ።»

«አሁን እንኳ ተሻለኝ…»

«ተሻለኝ የለም። ዛሬ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት።»

አማቹ ወደ ጋሽ እስቲ ዞሮ አየ፤ ጋሽ እስቲ ግን ወደ ስክሪኑ ዞሮ ነበር። ግዙፉ ሰው እያጉረመረመ፣ በሁለቱም እግሩ እኩል እየረገጠ ተከትሏት ሄደ።

ትንሽ ቆይቶ የዕለቱ የመጀመሪያ ምስል ወደ ማሽኑ ገባ። ጋሽ እስቲ ከፍቶ አየው። ወፍራም፣ ጠንካራ የጉልበት አጥንት ነው፤ ስንጥቅ የለው፣ እብጠት የለው። አጉልቶ አየው። ከዳር እስከ ዳር አየው። ምንም የለውም።

ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት።

«ወንድሜ ከማለዳ ጀምሮ ቤቱ የለም። አንተ ጋ ነው? ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም። ጉልበቱን አሞት ነው።»

«ውሸቱን ነው፤ ጉልበቱን አሞት አያውቅም።»

ጋሽ እስቲ ምስሉን እንደገና አየው። «አሞታል» አላት። «አይቼዋለሁ።»